የተበላሸ ዕቃ ጠግናችሁ ስትጨርሱ የሚሰማችሁ ምንድን ነው?

የጅሬን ጎረቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር ሰው ቤት ይውላል፤ ቤት የዋለ ሰው ደግሞ የቤቱን ጉድለት ማየት ይጀምራል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ አልዘጋ ያለ በር፣ የተሰነጠቀ በርጩማ፣ ሽቦው የተበጠሰ ምድጃ። ሙያዬ ጥገና አይደለም፤ ቢሮ የምውል ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለባለሙያ ከመስጠቴ በፊት ራሴ ፈትቼ ማየት ልማድ ሆኖብኛል።

ላነሳ የፈለግሁት የገንዘቡን ጉዳይ አይደለም። ራስህ ብትጠግን ትቆጥባለህ ይባላል፤ ፒንሳው፣ ካቻቪቴው፣ ሞረዱ የተገዛበት ሲደመር ቁጠባው የት እንዳለ እኔ እንጃ። የሚገርመኝ ደስታው ነው። ቧንቧውን ውሰዱ። እጀታው ሲጠብቅ ከውስጥ አንዲት ክብ ጎማ የውኃውን መውጫ ትጫናለች። ጎማዋ ደርቃ ስትቦረቦር ውኃው በስንጥቁ በኩል ያመልጣል። ቤተኛው ሁሉ እጀታውን አብዝቶ ያጠብቃል፤ ባጠበቀው ቁጥር ጎማዋ የባሰ ትቆረጣለች። እኔ የመስመሩን ውኃ ዘጋሁ፣ የቧንቧውን ራስ ፈታሁ፣ አሮጌዋን ጎማ መለኪያ አድርጌ ከተጣለ በረባሶ ላይ በምላጭ አዲስ ቆረጥሁ። የመጀመሪያዋ ጠርዝ ተንጋደደ፤ ሁለተኛዋን እያዞርሁ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኋት። ልክ ሆና ስትገባ ጣት ላይ የሚሰማ ነገር አለ፤ ሳትላላም ሳትጨናነቅም ቦታዋን ትይዛለች።

ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ዝም አለ። ከቤተሰቡ አንድም ሰው አላስተዋለም፤ እኔም አልተናገርሁም። ተበላሽቶ ሳለ ቀኑን ሙሉ ሲረገም የነበረ ዕቃ ሲድን ስሙን የሚያነሳው ሰው ያጣል። ደስታዬ ያለው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። እናንተስ?

ስታኞ

እኔ የምተዳደረው በዚሁ ነው። በእኛው በጅማው መርካቶ አካባቢ ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ማጉያና ቻርጀር እጠግናለሁ። ስለዚህ የእኔ ደስታ ከአንተ ትንሽ ይለያል። የተገኘውን ብልሽት ማስተካከል ለእኔ የእጅ ሥራ ነው፤ የሚጣፍጠው ብልሽቱን ማግኘት ነው።

ደንበኛው ሲመጣ “ሙሉ በሙሉ ሞቷል” ይላል። ዕቃ ግን ሙሉ በሙሉ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛው ጊዜ ከሶኬቱ አንገት ሥር፣ ሁልጊዜ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ሽቦው ከላስቲኩ ውስጥ ተበጥሷል። ላስቲኩ ደህና ስለሆነ በዓይን አይታይም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ፊውዝ ይቃጠላል፣ ካፓሲተር የሚባለው ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ ያብጣል። ያበጠ ካፓሲተር አናቱ ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ ይነፋል፤ ይህን ሕፃን ልጅም ያየዋል፤ ችግሩ ማንም ክዳኑን ከፍቶ አለማየቱ ነው።

በጣም የምወደው ግን የተሰነጠቀ ብየዳ ነው። ቦርዱ ላይ በተበየደው የዕቃ እግር ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክብ መስመር ታያለህ። ቦርዱ ሲሞቅ መስመሩ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። “አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፣ ሲመቱት ይሠራል” የሚባለው ዕቃ ምስጢሩ ይኸው ነው። 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ እርሳስ የሆነው ስታኞ፣ ማለትም እየቀለጠ የሚበየድበት ብረት፣ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ጀማሪ ስታኞውን በጋለው ብረት ላይ አቅልጦ ያንጠባጥበዋል፤ ያ አይጣበቅም፣ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ የሚግለው የዕቃው እግር ነው። እግሩ ከጋለ ስታኞው ራሱ ይስብና ዙሪያውን ሞልቶ፣ አንጸባርቆ፣ ወደ ታች ተዳፋት ሠርቶ ይቀመጣል። ይህን ስንት ዘመን ሠርቼው አሁንም ደግሜ አየዋለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ቴሌቪዥንና ማጉያ ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ልምድ የሌለው ሰው ክዳኑን አይክፈት።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁም ስለ ደስታችሁ እየነገራችሁን ነው። እስቲ ስለ ቁምሳጥኑ ደግሞ እኔ ልናገር።

ባለቤቴ ጠጋኝ ነው፤ ቢያንስ ራሱን እንዲያ ነው የሚያየው። በቤታችን ከተጠገነው ይልቅ የሚጠገነው ይበዛል። አልጋ ሥርና ቁምሳጥን ውስጥ ሁለት ካውያ፣ ክንፉ የተሰበረ ቬንትሌተር፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው የሞተ ሬዲዮ፣ አንድ ጫማ ሣጥን ሙሉ ዳዶና ብሎን። “አትጣይው፣ ይጠቅማል” ይላል። ለምን እንደሚጠቅም ሲጠየቅ መልስ የለውም። ዕቃ መጠገንና ዕቃ ለመጠገን ማሰብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ደስታ ቢሰጥም ቤት ያጣብባል።

ደግሞም ተጠገነ የተባለው ምድጃችን ብረት ድስት ሲጣድበት ይነዝራል። የነዘረው እኔን እንጂ ጠጋኙን አይደለም። ይህንንም ዝም የሚያሰኝ ደስታ ትሉታላችሁ?

የጅሬን ጎረቤት

እህቴ፣ ስለ ቁምሳጥኑ የምከራከርበት አፍ የለኝም። ምድጃው ግን ቀልድ አይደለም። ነቅለሽ አስቀምጪው፤ የሚያውቅ ሰው እስኪያየው ድረስ አትጣጂበት።

ፊዚክስ አስተማሪ

ትክክል ነው፣ ነቅለው ያስቀምጡት። የሚነዝረው ሽቦው ከጉድጓዱ ወጥቶ የምድጃውን ብረት ወይም ድስቱን ስለነካ ይሆናል። ምድጃው የመሬት መስመር ቢኖረው ኖሮ ብረቱ ላይ የደረሰው ኤሌክትሪክ በዚያ በኩል ይወርድ ነበር፤ ብዙዎቹ ርካሽ ምድጃዎች ባለ ሁለት ሽቦ ስለሆኑ መውረጃው የሰው እጅ ይሆናል።

ስለ ምድጃ ሽቦ ከተነሳ ትንሽ ላብራራ፤ እኔን ከጥገና የሚያስደስተኝ ሒሳቡ እውነት ሆኖ ሲገኝ ነው። ሽቦው ብዙ ጊዜ ኒክሮም የሚባለው ነው፤ ኒኬልና ክሮሚየም ተቀላቅለው የተሠራ ነው። አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ በ1906 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ሲሆን፣ ዛሬም ብዙው ምጣድና ምድጃ የሚግለው በእሱ ነው። ቀልቶ ሲግል ላዩ ላይ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያበጅ አየር ውስጡን አይበላውም።

አሁን ወደ ጥገናው። ባለ 1,000 ዋት ምድጃ በ220 ቮልት ሲሠራ የሽቦው ተቃውሞ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያግድበት መጠን፣ 48.4 ኦም ነው። ሽቦው ተበጠሰ፤ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጠን ጣልን፤ ቀሪውን ሳብ አድርገን አገናኘን። አንድ አሥረኛው ተቆርጦ ከሆነ ተቃውሞው ወደ 43.6 ኦም ይወርዳል፤ ኃይሉ ደግሞ ወደ 1,111 ዋት ይወጣል። ሽቦው አጠረ፣ ሙቀቱ ጨመረ። “ከተጠገነ በኋላ እንዲያውም ይበልጥ ይግላል” ተብሎ የሚመሰገነው ለዚህ ነው፤ እድሜው የሚያጥረውም ለዚሁ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲበጠስ አትቀጥሉት፤ በዋቱ ልክ አዲስ ሽቦ ግዙ።

መቀጠል ግድ ከሆነ ደግሞ ጫፎቹን ዝም ብሎ መጠምዘዝ አይበቃም። የላላ መጋጠሚያ ከሌላው ይበልጥ ይግላልና እዚያው ይበጠሳል። በመዳብ ሽቦ ማሰርም አይሆንም፤ መዳብ እንዲያ ባለ ግለት አየር ውስጥ ቶሎ ይበላል፣ ይፈረፈራል። የብረት ብሎንና ዳዶ አጥብቆ ሲይዘው ይሻላል።

ዋንዛ

የእኔ ነገር እንጨት ነው። ኤሌክትሪክ እፈራለሁ፤ አልደብቅም።

ጅማ ላይ ተወልዶ በርጩማ ላይ ያልተቀመጠ የለም። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ መቀመጫውም እግሩም ከአንድ ግንድ ተጠርቦ ይወጣል፤ ሚስማርም ኮላም የለበትም። ወለሉ ምንም ያህል ጎርበጥባጣ ቢሆን አይናጋም፤ ሦስት ነጥብ ሁልጊዜ መሬት ይይዛል፣ አራተኛው ነው ጠብ የሚያነሳው። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ ከምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ ይደርቅና የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይሰነጠቃል።

ሰው ስንጥቅ ሲያይ ሚስማር ይመታበታል። ሚስማር ስንጥቁን ያሰፋዋል እንጂ አይዘጋውም። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ስንጥቁን በደረቅ ብሩሽ ከአቧራና ከጥቀርሻ አጠራለሁ፤ ቅባት ካለበት ኮላ አይዝም። ከዚያ ኮላውን በቀጭን ቢላዋ ወደ ጥልቁ እገፋዋለሁ። የተቆረጠ የብስክሌት ካላማዳሪያ በመቀመጫው ዙሪያ እየጎተትሁ እጠመጥማለሁ፤ ጎማው በሁሉም በኩል እኩል ይጨብጣል፣ እንጨቱንም አይፍቀውም። ስንጥቁ ሲገጥም ኮላው እንደ ቀጭን ነጭ ክር ይወጣል። ያን ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ቢፈገፍጉት ምልክቱ አይለቅም። እስከ ማግሥት አልነካውም። ስንጥቁ ሰፊ ከሆነ ከዚያው ከዋንዛ ቀጭን ሽብልቅ አወጣለሁ፤ ጅማቱ ከበርጩማው ጅማት ጋር በአንድ አቅጣጫ መሄድ አለበት፤ ከተቃረነ ሁለተኛው በጋ ላይ ይገፈተራል።

ስለ በርም ልናገር፤ ውይይቱን የከፈተው አንስቶታል። እባካችሁ በሐምሌ በር አትላጉ። በእኛ በጅማ ከመጋቢት እስከ መስከረም ይዘንባል፤ እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይጠጣና በወርዱ ያብጣል። ያበጠውን ላግታችሁ ብታስገቡት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲደርቅ ይጠብና ድመት የምታልፍበት ክፍተት ይቀራችኋል። መጀመሪያ ማጠፊያውን እዩ። ብዙ ጊዜ በሩ አላበጠም፤ የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ላልተው ተንጋዶ ወርዶ ነው። ቀዳዳው ከሰፋ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክራችሁ ጠቅጥቁበትና ብሎኑን መልሱ። የሚላገው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም በበጋ።

የጅሬንን የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አይታችሁ ከሆነ፣ እንጨት የሚጠብቀው ሰው ካገኘ ይህን ዝናብ ስንት ዘመን እንደሚችለው ታውቃላችሁ።

አዲስ አበባ ሆኜ የማነብ

የጅማ ልጅ ነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ደስታችሁን ላደፈርስ ነው፤ ይቅርታ።

አንድ ሰው የእረፍት ቀኑን ሙሉ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ሲያጣብቅ ቢውል፣ ያን ቀን ለልጆቹ ወይም ለሥራው ቢያውለው አይሻልም ነበር? ሁለተኛ፣ ሁላችንም ራሳችን ጠጋኝ ከሆንን እንደ ስታኞ ያለው ባለሙያ ምን ይበላል? ጫማ ሰፊው፣ ጃንጥላ ጠጋኙ፣ በያጁ በእኛ ስንፍና እኮ ነው የሚኖሩት። ለእኔ ጥገናን ማክበር ማለት ለጠጋኝ መክፈል ነው።

ስታኞ

ወንድሜ፣ ስለ እንጀራዬ አስበሃልና አመሰግናለሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ ከደንበኞቼ ሁሉ የሚከብደኝ ዕቃ ከፍቶ የማያውቀው ነው። “ለዚህች ሽቦ ነው ይህን ያህል?” ይለኛል። አንዲት ሽቦ ለማግኘት የፈጀሁት ጊዜ አይታየውም። ቤቱ ተቀምጦ የአንድ ካውያ ብሎን ፈትቶ መልሶ ለመግጠም የታገለ ሰው ግን በዋጋ አይከራከረኝም። እሱ የሚያመጣልኝም ከአቅሙ በላይ የሆነውን፣ ማለትም ለእኔም ደስ የሚለኝን ሥራ ነው።

ስለ ፕላስቲክ ወንበሩ ግን እስማማለሁ። እሱን መጣል ነው።

እትዬ ረከቦት

ልጆቼ፣ እኔ ጽሑፍ ላይ ብዙም አይደለሁም፤ የልጄ ልጅ ነው የሚጽፍልኝ። ስታወሩ እሰማለሁና አንድ ነገር አልመቸኝም።

ከላይ የጀመረው ልጅ ጥገናው ባለመታየቱ ደስ አለኝ አለ። የቧንቧ ነገር እንዲያ ሊሆን ይችላል። የእኔ ጥገና ግን ይታያል፤ እንዲታይም ነው የምፈልገው። መሶቤ ከእናቴ የመጣ ነው። ጠርዙ ሲተለተል አዲስ ግዢ ተብዬ ነበር። ስንደዶውንና አክርማውን ከገበያ አስመጣሁ፤ አክርማውን ውኃ ውስጥ አሳደርሁት፤ ደረቁን ብትጠመዝዙት ይሰበራል። አሮጌውን እስከ ጤነኛው ድረስ ተረተርሁ። በግማሽ የሞተ ስፌት ላይ አዲስ አይቀጠልም፤ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በወስፌ እየበሳሁ፣ ስንደዶውን አስገብቼ፣ አክርማውን እየጠመጠምሁና እያጠበቅሁ ዞርሁት።

አለላው ግን አልገጠመም። የእናቴ ቀይ ከዘመን ብዛት የሸክላ መልክ ይዟል፤ የእኔ ቀይ ደግሞ ይጮኻል። ጎረቤቶቼ በሻይ ውኃ አደብዝዢው አሉኝ። ለምን? የእሷ እጅ እስከ የት እንደደረሰ፣ የእኔ ከየት እንደጀመረ ይታያል። እንግዳ ሲመጣ “ይህ ምንድን ነው?” ይላል፤ እኔም ስለ እናቴ አወራለሁ።

ስለ ጀበና ደግሞ አትጠይቁኝ። አፉ ቢሸረፍ ይቀዳል፤ ማቶቱ ቢያልቅ እሠራለታለሁ። ሆዱ ከተሰነጠቀ ግን አበባ ይተከልበታል። አዲሱን ገዝቶ ማሟሸት ነው።

የጅሬን ጎረቤት

እትዬ፣ ሐሳቤን አናውጠውብኛል። እኔ የማወራው ስለ ቧንቧ ነው፣ እርስዎ የሚያወሩት ስለ መሶብ። ቧንቧ ላይ የእጄ ምልክት ቢታይ አፍር ነበር፤ የእርስዎ ምልክት ግን ባይታይ ኖሮ ሥራው የተደበቀ ይሆን ነበር። ምናልባት ልዩነቱ ዕቃው ለሰው ፊት የሚቀርብ መሆኑና አለመሆኑ ይሆናል። አላውቅም፤ ላስብበት።

ዋንዛ

እኔ በርጩማ ላይ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ለራሴ ሲሆን ሽብልቁ ይታያል፤ ለደንበኛ ሲሆን እደብቀዋለሁ፤ ደንበኛ የሚከፍለው ለማይታየው ነው። እትዬ ያሉት እስከ ጤነኛው ድረስ መተርተር ግን ለእንጨትም ይሠራል። የበሰበሰውን አስቀርተው የሚለጥፉ አሉ፤ ለአንድ ክረምት ነው።

ዶርም 12

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስታወሩ ቀናሁ፤ ከየት ልጀምር? ቤታችን አባቴ ዕቃ አያስነካኝም ነበር። መሣሪያ ለመግዛት ደግሞ ብዙ ብር የለኝም።

ስታኞ

ብዙ አትግዛ። አንድ ፒንሳ፣ ጠፍጣፋና መስቀልያ ካቻቪቴ፣ ናስትሮ። ቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን ማለቴ ነው፣ ስትችል ትገዛለህ። የመጀመሪያው ዕቃህ በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ የእጅ ባትሪ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የርቀት መቆጣጠሪያ። ስትሳሳት አይገድልህም። የባትሪ ቤቱን ብረት እይ፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለበት ባትሪው ፈሶ በልቶታል። በኮምጣጤ በረጠበ ጥጥ ጠርገህ፣ አድርቀህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ብታነጻው ግማሹ ዕቃ እዚያው ይነሳል።

ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሣ። እያንዳንዱን ሽፋን ስታነሣ ደግመህ አንሣ። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደርድር፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ከገባ ሌላኛው ወገን ይበሳል።

የሁለት ልጆች እናት

ለተማሪው እኔም አንድ ልምከር፤ ዛሬ ደግሜ ሠርቼው ነውና። የቦርሳ ዚፕ ከኋላው እየተከፈተ ካስቸገረህ ጥርሱ አልተበላሸም፤ የሚሄደው ብረት ላልቶ ነው። ብረቱን እስከ መነሻው መልሰህ ግራና ቀኙን በፒንሳ ትንሽ ጫን አድርገው፤ አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን። ትንሽ ነው ያልሁህ፤ ከበዛ ይሰበራል። የልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ በዚህ እየሄደች ነው።

አዎ፣ ደስ ይላል። ስለ ቁምሳጥኑ ያልሁትን ግን አላነሣሁም። በቤታችን አዲስ ሕግ አውጥቻለሁ፦ እስከ መስቀል ያልተጠገነ ዕቃ ለቆራሌው ይሰጣል።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለመምህሩ። ምድጃውን ነቅያለሁ። አሁን በእንጀራ ቀን የምጣዱ ሶኬት ሲነካ ያቃጥላል። ምጣዱ ነው የተበላሸው?

ፊዚክስ አስተማሪ

ምጣዱ ላይሆን ይችላል። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ የተለመደው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው ጣሪያው ያ ነው። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ብሎን ትንሽ ከላላ ወይም የሶኬቱ መንጋጋ ከሰፋ ሙቀቱ ሁሉ እዚያ መጋጠሚያ ላይ ይሆናል። ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተዎት ዛሬውኑ መጠቀም ያቁሙ። በማከፋፈያ ገመድ ፈጽሞ አይሰኩት። የቆጣሪው ማጥፊያ ወርዶ፣ መብራት አለመኖሩ በቴስተር ተረጋግጦ ሶኬቱ ይፈታል፤ የጠቆረ ከሆነ ይለወጣል እንጂ ብሎኑን በማጥበቅ አይታለፍም። ከግድግዳው የሚመጣው ሽቦ ከ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የቀጠነ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልግዎ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ይህን የቤት ጠጋኝ አይንካው።

የሁለት ልጆች እናት

አመሰግናለሁ መምህር። ውይይቱን ለባለቤቴ ልኬለታለሁ፤ በተለይ የመጨረሻዋን መስመር።

አልጋ ሥር ያለው ዕቃ ባለቤት

አንብቤዋለሁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቅዳሜ እንዲመጣ ነግሬአለሁ። ቬንትሌተሩ ግን ለቆራሌ አይሰጥም፤ የጎደለው ክንፍ ብቻ ነው። ስታኞ ወንድሜ፣ መርካቶ ውስጥ ክንፍ ለብቻው ይገኛል?

ስታኞ

ይገኛል። የመሐሉን ቀዳዳ ስፋት ለክተህ ና፤ ባለቤትህ ሳታይ።